ንቧ ወዴት ትሂድ?

አክስቴ አቦከር ውስጥ ከቤቷ ደጃፍ ላይ ሙሸበክ ትሸጣለች። ሐረርን ለማታውቁ፣ ሙሸበክ ማለት በዘይት ተጠብሶ ስኳር የጠጣ፣ እንደ መረብ የተጠላለፈ ጣፋጭ ነው፤ ሐረርን የምታውቁ ደግሞ ምራቃችሁን ዋጥ አድርጋችሁ ቀጥሉ። ባለፈው ጥር ለሴሚስተር ዕረፍት ቤት ስገባ አክስቴ በአንድ እጇ ጨርቅ እያወናጨፈች በሌላው ደንበኛ ታስተናግዳለች። ትሪው ላይ ያለው ንብ ነው! ዝንብ ቢሆን ማንም አይገርመውም ነበር። አንድ ሁለት ንብ ቢሆንም እሺ። ሙሸበኩ እስኪጠቁር ድረስ ነው የሰፈረበት። «አንተ የዕፅዋት ተማሪ አይደለህም እንዴ? ይህን ሁሉ ዓመት ተምረህ ለዚህች መድኃኒት ታጣላት?» አለችኝ። መድኃኒት ያለችው የሚረጨውን ነው። ከጎኗ ያለው ጭማቂ ቤት በየቀኑ ይረጫል፤ ማታ ሲዘጋ የሞተውን ንብ በመጥረጊያ ሰብስቦ ይደፋል።

እኔም መቼስ ተማሪ ነኝና ሌክቸር ጀመርኩ። ንብ አበባ ሞልቶ በተረፈበት ወር የስኳር ትሪ ዞር ብላ አታይም፤ አንቺ ጋ የመጣችው ርቧት ነው፤ አልኳት። አክስቴ ጨርቁን አቆመችና «ታዲያ ርቧት ከሆነ እናንተ ተማሪዎቹ ምን ተከላችሁላት?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ይህቺን ጽሑፍ ለዲፓርትመንታችን ቡለቲን እንድጽፍ የገፋፋኝ ይኸው ጥያቄ ነው።

እስቲ ከወሮቹ እንጀምር። ሐረር ላይ ዝናብ ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ በልጉ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ክረምቱ ከሐምሌ እስከ መስከረም ገደማ። ክረምቱ ሲወጣ አደይ አበባው ሜዳውን ቢጫ ያደርገዋል፤ በአብዛኛው የአገራችን ክፍል ዋናው የማር ቆረጣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ የሚውለውም ከዚህ የተነሣ ነው። በልጉ ሲጥል ደግሞ ቡናው ነጭ ይለብሳል። ችግሩ በመካከል ያለው ጊዜ ነው። ከታኅሣሥ ጀምሮ ሣሩ ይደርቃል፣ ዕድሜያቸው የአንድ ክረምት የሆነ አበቦች ያልቃሉ፤ ያኔ ማበብ የሚችለው ሥሩን ጠለቅ አድርጎ የሰደደ ቁጥቋጦና ዛፍ ብቻ ነው። ጋን ለማጠቢያ ብቻ የሚመስለን ግራዋ በበጋው መካከል ነጭ አበባውን ሲያፈላው ያየ ሰው የምለውን ይረዳኛል፤ ሥሩ ብትቆሙ ቁጥቋጦው ራሱ ይጮኻል።

የአገራችን ንብ ደግሞ አንድ ጠባይ አላት፤ ምግብና ውሃ ሲያጥራት ቀፎዋን ለቅቃ ትሰደዳለች። አጎቴ ኤረር በኩል ዛፍ ላይ የሚሰቅላቸው ቀፎዎች ነበሩት። ክረምት ሲወጣ ይሞላሉ፣ በጋው ሲበረታ ይባዶሉ። «ንቤ ጥላኝ ሄደች» ሲል ሚስት የፈታችው ሰው ይመስላል። መጀመሪያ ጊዜ ሌባ ይጠረጥር ነበር፤ ከዚያ ጉንዳን፤ በመጨረሻ ቀፎዎቹን አወረዳቸውና አንዱን ዶሮ እንዲያድርበት አደረገው። እኔም ያን ጊዜ ልጅ ስለነበርኩ ዶሮው ቀፎ ውስጥ ሲገባ እየሳቅሁ ከማየት ሌላ ነገሩን አላሰብኩበትም።

አሁን ወደሚያወዛግበው ልግባ። ከሐረር ወጣ ስትሉ ዓይናችሁ የሚሞላው ጫት ነው። ጫትን በሱስና በገንዘብ በኩል ያልተከራከረበት ሰው የለም፤ እኔ በዚያ በኩል አልመጣሁም። እኔን የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ጫት ቀንበጡ ይቀነጠሳል፣ እንደገና ያቆጠቁጣል፣ እንደገና ይቀነጠሳል። ቢተው ዛፍ የሚሆን፣ ትናንሽ ነጫጭ አበባ የሚያወጣ ተክል ነው፤ ግን ማን ትቶት? የሐረርጌ ገበሬ ቡናውን እየነቀለ ጫት የተከለው ከቡና ጋር ተጣልቶ አይደለም፤ ጫት በዓመት ውስጥ ደጋግሞ ገንዘብ ስለሚሰጠው ነው። ይህን በክፍል ውስጥም ተምረነዋል። ያልተማርነው በዚህ ልውውጥ ንቧ ያጣችውን ነው። ቡና ያለበት ማሳ በበልግ አበባ ነው፤ ጫት ያለበት ማሳ ለንቧ ዓመቱን ሙሉ ባዶ አረንጓዴ ነው። ይባስ ብሎ እንደ ዲዲቲና ማላታይን ያሉ ፀረ ተባዮች ጫት ላይ እንደሚረጩ በዚሁ በምሥራቅ ሐረርጌ የተሠሩ ጥናቶች ዘግበዋል። ኪሳራው ደግሞ የንቧ ብቻ አይደለም። አረቢካ ቡና ራሱን በራሱ ማዳቀል የሚችል ሆኖ ሳለ፣ ዴቪድ ሩቢክ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው የፓናማ ጥናት ንብ የሚጎበኘው ቡና የተሻለ ፍሬ እንደሚይዝ አሳይቷል። ኑግማ ጭራሽ ከሌላ ኑግ የአበባ ዱቄት ካልመጣለት ፍሬው የረባ አይሆንም፤ አመላላሿም በዋናነት ንብ ናት።

ገበሬውን ግን ተዉት፤ እሱ ልጅ የሚያሳድግበት ነው። እኛስ ምን ሆነን ነው?

ግቢያችን ስገባ ከወንዶች ዶርም ጀርባ የቆየ የሰንሰልና የግራዋ አጥር ነበር። ሰንሰልን የማታውቁት ካላችሁ፣ ነጭ፣ ከንፈር የመሰለ አበባ ያለው፣ ቅጠሉን ከብት ስለማይደፍረው ለአጥር የሚተከል ቁጥቋጦ ነው፤ በኦሮምኛ ዱሙጋ ይሉታል። ከሁለት ዓመት በፊት እንግዳ ይመጣል ተባለና አጥሩ «ጫካ መሰለ» ተብሎ በአንድ ቅዳሜ ተመንጥሮ አለቀ። በምትኩ ዱራንታ ተተከለ። ዱራንታ በራሱ ጥፋት የለበትም፤ ቢተዉት ሐምራዊ አበባ ያወጣል፣ ንብም ትወደዋለች። እኛ ግን በየሁለት ሳምንቱ በመቀስ እንደ ሳጥን እንከረክመዋለን። አንድም ቀን አብቦ አላየሁትም። እንግዲህ ልብ በሉ! ውጭ ገበሬው ቀንበጡን ለገበያ ይቆርጣል፣ ውስጥ እኛ ለጽዳት እንቆርጣለን፤ ሁለታችንም ተክል እንዲያብብ አንፈቅድም። ገበሬው ቢያንስ ይሸጠዋል።

ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ በየክረምቱ ችግኝ እንተክላለን፤ እኔም ጭቃ ለብሼ ተክያለሁ፣ ፎቶም ተነሥቻለሁ። የምንቆጥረው ግን የተተከለውን ነው፤ ሲበዛ የጸደቀውን። የተተከለው በየትኛው ወር ያብባል፣ ማንስ ይበላበታል ብሎ የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ሐሳብ እንግዲህ አጭር ናት፤ የዲፓርትመንታችን ችግኝ ጣቢያ ለበጋው ወራት የሚያብቡ የአገር ቁጥቋጦዎችን ከዘር ያፍላ፣ ግቢውም ቢያንስ አንዱን አጥር ከመቀስ ነፃ ያድርግ።

«የትኛውን ቁጥቋጦ?» ትሉኝ ይሆናል። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን እንሳሳታለን፤ ያማረ አበባ ሁሉ የንብ ምግብ ይመስለናል። ቡገንቪሊያን ተመልከቱ። ያ ሁሉ ቀይና ሐምራዊ አበባው ሳይሆን ቀለም የለበሰ ቅጠል ነው፤ እውነተኛው አበባ መሀል ላይ ያለችው ትንሽዬዋ ነጭ ቱቦ ናት፣ ንብም ብዙ ጉዳይ የላትም። ከአበባ ሻጭ የምንገዛው ድርብርብ ጽጌረዳም እንዲሁ ነው፤ የአበባ ዱቄት የሚይዙት ክፍሎች በማዳቀል ብዛት ወደ ቅጠለ አበባነት ስለተለወጡ ንቧ ብትመጣም የምታገኘው ጥቂት ነው። የራሳችን ቀጋ ግን አምስት ነጭ ቅጠል ዘርግታ መሀሏን ወለል አድርጋ ትቀመጣለች። ቀጋ ላይ ያረፈች ንብ የኋላ እግሮቿ ዱቄት ጠቅጥቀው ስትነሣ በዓይናችሁ ታዩዋታላችሁ።

የወፍ ቆሎ የምንለው ላንታና ደግሞ ሌላ ነገር ነው። «ንብ ይወደዋል፣ ለምን አናባዛውም?» ያለኝ የክፍል ጓደኛ አለኝ። ንብ አልፎ አልፎ ታርፍበታለች፤ ቱቦው ረዘም ስለሚል ግን ይበልጥ የተመቸው ለቢራቢሮ ነው። ዋናው ነገር ይህም አይደለም። ላንታና ከውጭ መጥቶ በምሥራቅ ኢትዮጵያ የግጦሽ መሬት እየወረረ ያለ፣ ቅጠሉም ለከብት መርዝ የሆነ ተክል ነው። ወፍ ፍሬውን በልታ ዘሩን በየቦታው ትበትነዋለች። ለንብ ብለን የከብት ጠላት ልናፈላ ነው? ተዉ።

ለማወቅ ከሁሉ የሚበልጠው ዘዴ ምንም ገንዘብ አይፈልግም፤ ቁጭ ብሎ ማየት ነው። ፀሐይ ሞቅ ሲል አንድ ጊዜ፣ እኩለ ቀን አንድ ጊዜ፣ ከሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ፤ በየተራው 10 ደቂቃ። ብዙ ተክል ዱቄቱን በጠዋት ከፍቶ እስከ ቀትር ስለሚጨርስ ከሰዓት ብቻ የሄደ ሰው «ንብ የለም» ብሎ ይመለሳል። ንቧ ምላሷን አበባው ውስጥ ሰድዳ ጸጥ ካለች የአበባ ማር እየቀዳች ነው፤ እየተንከላወሰች እግሯን ካፈተገች ዱቄት እየሰበሰበች ነው። የማር ንብ ምላስ 6 ሚሊ ሜትር አካባቢ ስለሆነ ቱቦው ከዚያ በጣም የሚረዝም አበባ ውስጥ ያለው ማር ላይደርሳት ይችላል። ወሩን ጻፉ፣ ሰዓቱን ጻፉ። ከዚያ መጽሐፍ ግለጡ። ራይንሃርድ ፊሽትል እና አድማሱ አዲ እ.ኤ.አ. በ1994 ያሳተሙት የኢትዮጵያን የንብ ቀሰም ዕፅዋት የሚዘረዝር መጽሐፍ ፎቶና የአበባ ወር ሳይቀር ይዟል።

ስምን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አቦከር ላይ በአንድ ግቢ ውስጥ አማርኛ፣ ሐረሪኛና ኦሮምኛ ስለሚነገር አንድ ተክል ሦስት ስም፣ አንድ ስምም ሦስት ተክል ሊሆን ይችላል። «ግራዋ» ተብሎ የሚመጣልን ሁሉ ቬርኖንያ አሚግዳሊና አይደለም፤ ዘመዶቹም በዚሁ ስም ይጠራሉ። ስለዚህ ዘር ከመልቀማችን በፊት አበባና ቅጠል ያለበት ቅርንጫፍ በጋዜጣ መሀል ተጭኖ ይድረቅ፣ የተለቀመበት ቦታና ቀን ይጻፍበት፣ መምህሮቻችንም አይተው ያረጋግጡልን። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጠናቀቀው ባለ 8 ቅጹ የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ ለዚሁ ነው የተደከመበት፤ መደርደሪያ ላይ አቧራ እንዲጠጣ አይደለም።

ወደ ዘሩ ስመጣ የራሴን ውርደት ሳልናገር አላልፍም። ባለፈው ዓመት ለኮርስ ፕሮጀክት ሦስት ሆነን አጎቴ ከቆላው ያመጣልንን የግራር ዘር ለማፍላት ተነሣን። ዓይነቱ አካሲያ ሜሊፌራ ይባላል፤ አሁን በሳይንሱ ሴኔጋሊያ ሜሊፌራ ብለውታል። «ሜሊፌራ» ማለት በላቲን ማር አምጪ ማለት ነው፤ ስሙ ራሱ ይናገራል። እኛም የግራር ዘር ቆዳው ደንዳና ነው፣ ፈላ ውሃ ይፈልጋል የሚለውን ከኖታችን ሸምድደን ነበርና ማንቆርቆሪያውን አፍልተን ገለበጥንበት። በሳምንቱ መደቡ ላይ ምንም የለም። በሁለተኛው ሳምንት ምንም የለም። ቆፍረን ስናየው ዘሩ እንደ ንፍሮ ተቀቅሏል! ለካ የዚህ ግራር ዘር ሽፋኑ ስስ ነው፤ ያለ ምንም ሕክምና በቀላሉ የሚበቅል ነው። አጎቴ ሰምቶ «ዩኒቨርሲቲ ቅቅል ነው የሚያስተምራችሁ?» ብሎ እስካሁን ይስቅብናል።

ፈላ ውሃ የሚፈልገው እንደ ትሪ ሉሰርን ያለው ነው። እሱም የመጣ ተክል ነው፤ ግን መኖ ይሆናል፣ ነጭ አበባው ለንብ ጥሩ ነው፣ ለደጋው ይስማማል። የእሱ ዘር እንደ ጠጠር የጠነከረ ስለሆነ ከእሳት የወረደ ውሃ ፈስሶበት እስኪቀዘቅዝ ሲያድር ያብጣል፤ ያበጠው ይዘራል፣ ያላበጠው እንደገና ይደገምለታል። ይህን ልዩነት የሚነግረን ሙከራ ነው እንጂ ሽምደዳ አይደለም፤ ከእያንዳንዱ ዘር ጥቂቱን ለይቶ ሳይነኩ መዝራት፣ ጥቂቱን ነክሮ መዝራት።

ግራዋ ጠባዩ ሌላ ነው። ዘሩ ጢም አለውና ነፋስ ይዞት ከመሄዱ በፊት፣ የአበባው ራስ ቡናማ ሆኖ ሲከፈት ጠዋት በወረቀት ከረጢት መልቀም ነው። ከዚያ አንድ እፍኝ ይዛችሁ «ይህ ሁሉ ሊበቅል ነው» ብላችሁ አትደሰቱ። አብዛኛው ገለባ ነው። በመርፌ ጫፍ ስትጫኑት የሚሟሽሸው ባዶ ነው፤ ጠንከር ያለው ውስጡ ሕይወት አለው። በደቃቅ አሸዋ ገለጥ ገለጥ አድርጎ መሸፈን፣ ውሃውን በሚያንጠባጥብ ማጠጫ በቀስታ ማጠጣት፣ ዳሱን ሳሳ ማድረግ። አፈሩ ጭቃ ከሆነ ቡቃያው ከሥሩ በስብሶ ይወድቃል፤ የእኛም ግማሹ እንዲሁ ነው የሄደው። የተረፉት አራት ቅጠል ሲያወጡ ወደ ፕላስቲክ ቱቦ አዛወርናቸው፤ አሁን ጉልበቴ ጋ ደርሰዋል።

የሰንሰል ፍሬ ደግሞ ሲደርቅ በራሱ ፈንድቶ ዘሩን ይወረውራል። ነገ እለቅመዋለሁ ያለ ሰው ነገ ቅርፊቱን ያገኛል። ፍሬው ከአረንጓዴነት ሲለወጥ ቅርንጫፉን በስስ ጨርቅ ከረጢት ማሰር ይበጃል።

እዚህ ላይ አንድ መምህራችን ያሉኝን ላንሣ፤ ጥያቄያቸው ትክክል ነውና። «ግራዋም ሰንሰልም ቆርጦ መትከል እየተቻለ በዘር ምን አደከመህ?» አሉኝ። እውነት ነው፤ ቁራጭ ይቀላል፣ ይፈጥናል። ነገር ግን ከአንድ እናት የተቆረጠ መቶ ችግኝ አንድ ተክል ነው፤ በአንድ ሳምንት ያብባል፣ በአንድ ሳምንት ይረግፋል፣ አንድ በሽታ ቢመጣ አብሮ ይሄዳል። ከተራራቁ ከብዙ እናቶች በተለቀመ ዘር የበቀለ አጥር ግን አንዱ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ ስለሚያብብ የንቧ ገበታ ይረዝማል። ችኩል ከሆንን ግማሹን በቁራጭ፣ ግማሹን በዘር እናድርግ፤ እኔ እዚህ ላይ ግትር አይደለሁም።

ግትር የምሆነው በሌላኛው ክርክር ላይ ነው። «ንብ ዶርም አጠገብ ከመጣች ተማሪ ትነድፋለች» ተብሏል። ንብ የምትቆጣው ቀፎዋ ሲነካባት ነው፤ የአገራችን ንብም በዚህ በኩል እሳት ናት፣ አልክድም። አበባ ላይ ያለች ንብ ግን ሥራ ላይ ናት፤ ካልጨፈለቋት በስተቀር ከሰው ጉዳይ የላትም። እኔ ያልኩት ደግሞ አበባ ይተከል ነው፤ ቀፎ ዶርም ሥር ይቀመጥ አላልኩም። ንብ ለቀሰም 3 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ትሄዳለች፤ ቀፎው ሩቅ ሆኖ አጥሩ እዚህ ቢሆን ታገኘዋለች። በንድፊያ አለርጂ ያለበት ተማሪ ካለ ግን ክሊኒኩ ሊያውቀው ይገባል፤ ይህ አጥር ኖረም አልኖረም የሚያስፈልግ ነው።

ስለ ውበት የሚነሣውን በአጭሩ ልለፈው። ያልተከረከመ አጥር ጫካ ይመስላል ይባላል። አዎ፣ ይመስላል።

አክስቴን አልረሳኋትም። ጁገል ውስጥ ቤትና ቤት ተዛዝሎ ስለሚኖር ቁጥቋጦ መትከያ መሬት የለም፤ ያለው የጣሪያ ጫፍና የደጃፍ ጥግ ነው። በአሮጌ የዘይት ጀሪካን በሶብላና ሬሃን ተክላ ነበር፤ ግን ቅጠሉ እንዳይከስል ብላ አበባውን በየጊዜው ትቀነጥሰዋለች። እሷም ትቆርጣለች ማለት ነው! ሁለቱን ጀሪካን እንድትተዋቸው ለመንኳት። በመጀመሪያ እምቢ አለች፤ ኋላ «ትሪዬን ከለቀቀችልኝ እሺ» አለች። በየካቲት ስልክ ስደውልላት ንቧ ጠዋት ጠዋት በሶብላው ላይ እንደምትውል፣ ትሪው ላይም አሁንም እንደምትመጣ፣ ግን እንደ ጥር እንዳልሆነ ነገረችኝ። ትሪውን በስስ ሻሽ መሸፈንም ጀምራለች፤ የትኛው እንደረዳ እሷም እኔም አንከራከርም። መድኃኒቱን አልገዛችም።

ችግኝ ጣቢያ ያሉት 31 የግራዋ ችግኞች ለክረምቱ ይደርሳሉ። የሚተከሉበት ቦታ ገና አልተፈቀደም፤ ማመልከቻው ከዲፓርትመንቱ ቢሮ ወጥቶ ወደ ግቢ ውበት ክፍል ሄዷል። ለሚቀጥለው ዓመት ዘር መልቀም የምትፈልጉ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ገደሉ ጫፍ ላይ መቀስ ያልደረሰበት አንድ ትልቅ ግራዋ አለ፤ ከሌሎች እናቶችም እንድንለቅም በየሰፈራችሁ ያያችሁትን ጻፉልን። ወረቀት ከረጢት ይዛችሁ ኑ፤ ፌስታል አይሁን፣ ዘሩ ይሻግታል።